ቀሚሱ የተቀደደው በየት በኩል ነው?



ከሐረር ጀጎል በሮች አንዱ የሆነው፣ ሐረሪው «አስማዲን በሪ» የሚለው ሸዋ በር የገበያ ስፍራ ነው። ገበያ ባለበት ደግሞ ወሬ አይጠፋም። ሻጭና ገዢ ስለ ዋጋ ከተከራከሩ በኋላ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን የታየውን ድራማ ማንሳታቸው አይቀርም። «ለምን ገደለው? ምስጢሩን ማን ነገረው? እሷስ እያወቀች ለምን ዝም አለች?» ቤት ሲገባም ክርክሩ ነደባ ላይ ይቀጥላል። እናት ከአንዱ፣ ልጅ ከሌላው ወገን ሆነው ይሟገታሉ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሙግት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው ወይስ ቁም ነገር ይገኝበታል? በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

የወንጀል ታሪክ ያለበት ተከታታይ ድራማ ቤተሰብን ሲያከራክር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረው «ሰው ለሰው» ውስጥ አርቲስት አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ስንቱን ቤት እንዳነጋገረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በየሳሎኑ ገቡ። ያን ጊዜ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሟቸውን አሰምተው ነበር። እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለጊዜው እንለፈው። የእኛ ጥያቄ ተመልካቹ ካየ በኋላ ስለሚያደርገው ጭውውት ነው። ለምሳሌ ያህል «ጥቁር ፍቅር» የተባለውን እንውሰድ።

ይህ ድራማ በቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 የታየ ነው። ኡመር የተባለ ፖሊስ ያጫት ሲቤል፣ አሕመድ ከተባለ ባለጸጋ ጋር በአንድ መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ሁለቱን አስከሬን ጎን ለጎን ያየ ሁሉ «ድብቅ ፍቅረኞች ነበሩ» ብሎ ይደመድማል። ኡመር ግን ይህን ለመቀበል አሻፈረኝ ይላል። የሟቹ ልጅ ኤሊፍ ደግሞ ጠፋ የተባለውን አልማዝ አምጪ ተብላ መከራዋን ታያለች። ሁለቱ ሐዘንተኞች ተጋግዘው ፍለጋቸውን ሲገፉበት የነገሩ ሥር ዝሙት ሳይሆን አልማዝና የቆሸሸ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የገዳዩ ማንነት ነው፤ የኡመር ታላቅ ወንድም፣ እርሱም ፖሊስ የሆነው ሁሴን!

እንግዲህ ልብ በሉ። ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ክፍል አንድ ፈተና ቀርቦለታል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በአንድ መኪና ውስጥ መገኘታቸው ምን ያረጋግጣል? አብረው መገኘታቸውን እንጂ ሌላ ምንም አያረጋግጥም። የቀረውን የሞላው የሰው አፍ ነው። ሸሪዓችን በዝሙት ጉዳይ አራት ምስክር የሚጠይቀው፣ ያለ ምስክር ንጹሕ ሴትን የሚወነጅለውንም በሱረቱ-ን-ኑር እንደተደነገገው የሚቀጣው እንዲህ ያለውን አፍ ለመዝጋት ነው። የሞተች ሴት ደግሞ ተነሥታ ስለ ራሷ መናገር አትችልም።

ስለ ማስረጃ ካነሣን ዘንድ ከሱረቱ ዩሱፍ የበለጠ አስተማሪ ታሪክ ከየት ይገኛል? በዚህች አንዲት ሱራ ውስጥ ሦስት ማስረጃዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ወንድሞቹ ለአባታቸው ያመጡት የሐሰት ደም የተቀባ ቀሚስ ነው። ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) አላመኗቸውም፤ ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ተኩላ በላው የተባለው ልጅ ቀሚሱ አልተቀደደም ነበርና። ሁለተኛው ከበስተኋላ የተቀደደው ቀሚስ ነው። ከሴትየዋ ቤተሰብ የሆነ መስካሪ «የተቀደደው በየት በኩል ነው?» የሚለውን ጥያቄ መለያ አድርጎ አቀረበ፤ የዩሱፍም (ዐ.ሰ.) ንጽሕና በዚያው ታወቀ። ሦስተኛው በወንድማቸው ጓዝ ውስጥ የተገኘው ዋንጫ ነው። ዋንጫው በእርግጥ ከጓዙ ወጥቷል፤ ልጁ ግን ሌባ አልነበረም። ከሦስቱ ማስረጃዎች አንዱ ውሸት፣ አንዱ እውነት፣ አንዱ ደግሞ ዓይን እያየው የሚያሳስት ሆነ ማለት ነው። ድራማ አይተው «ያ ማስረጃ ትክክል ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተቀመጠ?» እያሉ የሚከራከሩ ወጣቶች ሳያውቁት ይህን የመሰለ ማስተዋል እየተለማመዱ ነው። ይህ መልካም ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ሁሴን ለምን ገደለ? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚጦፈው። አንዱ «ገንዘብ አሳውሮት ነው» ይላል። ሌላው «ከወንጀለኞቹ ጋር አንዴ ከተነካካ በኋላ መውጫ አጥቶ ነው» ሲል ይሟገትለታል። ሌላዋ ደግሞ ልጆቹን እያየች «ቤተሰቡን ሲል ነው» ብላ ታዝንለታለች። ሁሉም ከእውነት የራቁ ላይሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን የወንጀልን ምክንያት ማወቅ ሌላ፣ ወንጀለኛን ነጻ ማውጣት ሌላ ነው። የዩሱፍ ወንድሞችም ምክንያት ነበራቸው፤ አባታችን እርሱን ከእኛ አስበልጦ ይወዳል የሚል። ቁርኣን ምክንያታቸውን አልደበቀም፤ ሥራቸውንም በጎ አላለውም።

ኡመርስ ታላቅ ወንድሙን ምን ያድርገው? ቤተሰብ በአንድነት ሊነጋገርበት የሚገባው ትልቁ ጥያቄ ይህ ይመስለናል። «ደም ከውሃ ይወፍራል» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ በሱረቱ-ን-ኒሳእ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን በራሳቸውም ሆነ በወላጆቻቸውና በቅርብ ዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ ቆመው እንዲመሰክሩ ያዛል። ይህን ለልጅ በቃል ማስተማር ቀላል ነው። ወንድሙን ወንጀለኛ ሆኖ ያገኘ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ያየ ልጅ ግን የትእዛዙን ክብደት ይረዳል። ፍትሕ በባዕድ ላይ ቀላል፣ በቤት ውስጥ ከባድ ነውና።

አደጋውስ የቱ ጋ ነው? አደጋው ልማዱ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሲሻገር ነው። የድራማን ሰው ልብ የምናውቀው ደራሲው ከፍቶ ስላሳየን ነው። ብቻውን ሲያለቅስ አይተነዋል፤ በስውር ሲያወራ ሰምተነዋል። የጎረቤታችንን ልብ ግን ማን ከፈተልን? እገሊት ዘግይታ ስለገባች፣ እገሌ በድንገት ሱቅ ስለከፈተ፣ «ነገሩ እንዲህ ቢሆን ነው» እያልን የጎደለውን በራሳችን እንሞላለን። በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለው መጥፎ ጥርጣሬ፣ ነውር መከታተልና ሐሜት እንዲህ እየተያያዙ ይመጣሉ። ኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) በጦር ሜዳ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ያለውን ሰው ገድለው፣ ሰውየው ይህን ያለው መሣሪያ ፈርቶ ነው ባሉ ጊዜ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውየውን ልብ ከፍተው አይተው እንደሆነ በመጠየቅ አጥብቀው ገሥጸዋቸዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኡሳማን የመሰለ ሶሐባ የሰውን ልብ እንዲያውቅ ካልተፈቀደለት፣ ለእኛ ከየት ይፈቀድልናል?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስለ ድራማ ሲከራከሩ ከመቆጣት ይልቅ አብራችሁ ተቀመጡና ጠይቋቸው። «ይህን በምን አወቅህ? ሌላ ሊሆን አይችልም? አንተ በቦታው ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሏቸው። ለዕድሜያቸው የማይመጥን ግድያና ጸያፍ ትዕይንት ሲመጣ አሳልፏቸው፤ የሶላት ሰዓትም ለድራማ ሰዓት ተብሎ አይገፋ። እናንተም ወጣቶች፣ ያን ሹል ዓይናችሁን አታደንዙት፤ ከሰው ነውር ይልቅ የሰውን ንጽሕና ለመፈለግ አውሉት። በሰፈር ስለ አንዲት ልጅ ክፉ ወሬ ሲወራ «ቀሚሱ የተቀደደው በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ ስንት ቤት ከመፍረስ ይድን ነበር!

አላህ ዓይናችንን ለእውነት፣ ምላሳችንን ለመልካም ያድርግልን። አሚን።