ሕመምተኛን ስለ ማገላበጥ

ሕመምተኛ በአልጋ ላይ ሆኖ ራሱን ማገላበጥ ሲሳነው፥ በመቀመጫውና በተረከዙ አጥንት ላይ ያለው ሥጋ በገላው ክብደት ተጨቍኖ ደም ስለማይደርሰው ይቈስላል። ስለዚህ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፥ ቆዳውንም ከእርጥበት መጠበቅ እንደሚገባ ነርስ ሁሉ ተምራለች። ነገር ግን በሌሊት አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ብቻዋን ስትቆም ዕውቀቷ በደብተር ይቀራል፤ ይህንም ስንፍና ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ከቤት የመጣ አስታማሚ ነው። እርሱም የጋለውንና የጠጠረውን ቆዳ ማሸት መልካም ይመስለዋል፤ ማሸት ግን ጉዳቱን ያብሳል። እንግዲህ የሆስፒታል ሹማምንት የሌሊቱን ተረኞች ቍጥር ሊያበዙ፥ ነርሷም አያያዙን ለአስታማሚው ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ በእጇ ልታሳየው ይገባል። ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ግን ከነርሷ በቀር የሚያገላብጠው የለውምና፥ ተራው አስቀድሞ ለእርሱ ይሁን።