ቼዝ በሽምደዳ? አይሆንም!

አዳማ ላይ (ብዙዎቻችን ዛሬም ናዝሬት እንላታለን) የማውቃቸው የቼዝ ወጣቶች ፍላጎት ሞልቷቸዋል። የጎደላቸው መማሪያ ነው። አንዱ በቴሌግራም የተላከለትን፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ ያስነሳውን የመክፈቻ መጽሐፍ ይዞ ይሸመድዳል።

እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ሽፋን የሌለው ፎቶ ኮፒ ገዝቼ የስፓኒሽን መክፈቻ እስከ 12ኛው እርምጃ በቃሌ ያዝኩ። ከዚያ ሻይ ቤት ከአንድ ጋሼ ጋር ተቀመጥን። በሦስተኛው እርምጃ ወታደራቸውን ኤ6 ላይ አድርገው ቢሾፔን አስፈራሩት። መጽሐፌ “ወደ ኤ4 መልስ” ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ኢ5 ላይ ያለው ወታደር በነጻ የሚበላ መሰለኝ። በቢሾፔ ፈረሳቸውን በላሁ፣ በዲ ወታደራቸው መልሰው በሉ። በፈረሴ ኢ5ን በላሁ። ጋሼ ንግሥታቸውን ዲ4 ላይ ቁጭ! ፈረሴንና ኢ4 ላይ ያለውን ወታደሬን በአንዴ ያዙብኝ። ፈረሴን ሳሸሽ ወታደሬን በሉ፣ ያውም በቼክ! ትርፌ በነነ፣ ጥንድ ቢሾፕም ለሳቸው ቀረ።

እንግዲህ በእኔ እይታ መጽሐፍ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ “ለምን?” ለሚለው መልስ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ተጋጣሚ ከመጽሐፉ ውጪ ሲጫወት ምን እንደሚደረግ ያሳያል ወይ? ሦስተኛ፣ መክፈቻው ካለቀ በኋላ ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ በሙሉ ጨዋታዎች ያስረዳል ወይ? አሜሪካዊው ሪውበን ፋይን በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ መክፈቻዎች ሐሳብ የጻፈው መጽሐፍ እርምጃዎቹ ቢያረጁም ዛሬም የሚነበበው “ለምን”ን ስለሚመልስ ነው።

“ግራንድማስተሮችስ ይሸመድዱ የለም እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን የገባቸውን ነው። “አሁን ኮምፒውተር አለ” የሚልም አለ። ስቶክፊሽ በነጻ ይገኛል፣ የመጽሐፍን ስህተትም ያጋልጣል። የተሻለውን እርምጃ ይነግርሃል እንጂ ምክንያቱን በቃል አያስረዳህም።

ደግሞስ ሽምደዳን ከማን ወረስነው? በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል የለም። የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። እዚያ የሚያዋጣው የተጋጣሚን አሰላለፍ እያዩ ማሰብ ነው።

ስለዚህ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያላችሁ የቼዝ ወዳጆች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስፓኒሽ ያለበትን ገጽ ግለጡ። “ኢ5ን ለምን አልበላውም?” ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ካለ ቦታው መልሱት።

ቸር ይግጠመን!