«ከስብሰባው ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ጎረቤቴ ደብዳቤ ይዛ ቤቴ መጣች። «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ እንድገኝ ተጋብዣለሁ። ስድስት ዓመት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ልልበስ? ምን ልያዝ? ሰው ፊትስ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ቡና እየጠጣን የነገርኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

እኔም ወደ ጽሑፍ ሥራ ከመግባቴ በፊት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። በመጀመሪያው ጉባኤዬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ምሳዬን ከማውቃት ባልደረባዬ ጋር በላሁ፤ ቦርሳና እስክሪብቶ ተቀብዬ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህራችን «ከስብሰባው ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲሉኝ ቦርሳውን አሳየኋቸው። ሳቁ። በዓመቱ በጀት ሲደለደል ግን ቤተ መጻሕፍቱ ግማሽ ቀን ብቻ እንዲከፈት ተወሰነ። ስለ እሱ መከራከር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የምከራከርበት ነገር ግን አልያዝኩም። ያ ቦርሳ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ሳምንት ይመለከታል። ቤተ መጻሕፍታችሁን ዙሩና ቁጥር መዝግቡ። በቀን ስንት ልጅ ይገባል? የትኛው መደርደሪያ አቧራ ለብሷል? ስንት መጽሐፍ ወጥቶ አልተመለሰም? ከዚያ ሦስት ጥያቄዎች ጽፋችሁ ያዙ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባል የለ? ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ከደረሳችሁም ለሥራችሁ የሚጠቅሙትን ሁለት ሦስት ርዕሶች ምልክት አድርጉባቸው። ሁሉንም ልከታተል ያለ አንዱንም አይዝም።

ስለ መንገዱ ለእኛ ሰፈር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጉባኤው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቢሆን፣ የቃሊቲ ጉምሩክ የጭነት መኪኖች መንገዱን ሳይሞሉት በጠዋት ውጡ። ቀድሞ የደረሰ ሰው የፊት ወንበር ያገኛል፤ አዘጋጆቹንም ሳይጨናነቁ ያነጋግራል። አብርሆት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም የተመረቀ ሰፊ ቤት ስለሆነ፣ ጊዜ ካላችሁ የልጆች ክፍሉን ሳታዩ አትመለሱ።

አለባበስን በተመለከተ ንጹሕና የሚመች ይሁን። አዲስ ጫማ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ቀኑን ሙሉ መቆምና መሄድ አለ። ማስታወሻ ደብተር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ስማችሁና ስልካችሁ የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ። የታተመ ካርድ የግድ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር፦ የሻይ ሰዓት። መድረክ ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ በኋላ ሊላክላችሁ ይችላል፤ የሻይ ሰዓት ወሬ ግን አይላክም። ከምታውቁት ሰው ጋር አትቁሙ። «እገሊት እባላለሁ፤ ከአቃቂ ነው የመጣሁት፤ የወጡ መጻሕፍት እየጠፉብኝ ተቸግሬያለሁ፤ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?» በሉ። ይህን ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር የቤተ መጻሕፍት ሰው አላየሁም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው፣ በ1936 ዓ.ም ከተቋቋመው ከወመዘክር የመጣችው፣ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣው ሁሉም ያው ችግር አለበት። አንዱ መፍትሔ አግኝቶለት ይሆናል።

የማታውቁት ቃል ሲነሳ አትደንግጡ። ለምሳሌ «ኮሃ» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ኮሃ መጻሕፍትን ለመመዝገብና ለማዋስ የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ኮምፒውተርና የሚያስተምራችሁ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያን ሰው የምታገኙት ደግሞ እዚያው ሻይ ላይ ነው።

ጥያቄ ለመጠየቅ እጃችሁን ካወጣችሁ ንግግር አታድርጉ፤ ስም፣ የመጣችሁበት ቦታ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። «እኔ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለኝ» ብላችሁም አትሸማቀቁ። ይህ ሙያ ዓለም አቀፍ ቤተሰብ አለው። ኢፍላ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተ ሲሆን፣ ጉባኤውን በ1984 በናይሮቢ፣ በ2007 በደርባን፣ በ2015 በኬፕታውን አካሂዷል። እዚያም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ስኒውን ሲያይ አይጠፋም።

ለትዳር አጋሮችም አንድ ቃል አለኝ። ባለቤታችሁ ጉባኤ ስትሄድ ወይም ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «አበሉ ስንት ነው?» አይሁን። እራቱንና የልጆቹን የቤት ሥራ ለሁለት ቀን ያዙላቸው። ማታ ሲመለሱም «ዛሬ ማንን ተዋወቅሽ?» በሏቸው። ሰው የተናገረውን አይረሳም።

ከተመለሳችሁ በኋላ ሦስት ቀን ሳያልፍ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፉ። ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ያለ ገንዘብ ነገ የሚጀመር አንድ ሥራ፣ በትንሽ ወጪ የሚሠራ አንድ ሥራ፣ ለቀጣዩ ዓመት በጀት የሚጠየቅ አንድ ሥራ። አንዱን ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ ሌላውን ለወላጅ መምህር ኅብረት ስጡ። ለተዋወቃችኋቸው ሰዎችም የምስጋና መልእክት ላኩ፤ ካልደወሉበት ስልክ ቁጥር ምን ይጠቅማል?

ጎረቤቴ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ጥያቄዎቿን ጽፋ ጨረሰች። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ልጆቹ አራተኛ ክፍልን ሲያልፉ ወደ እኔ መምጣት ለምን ያቆማሉ?» እኔም መልሱን ለመስማት ቸኩያለሁ። እናንተ ወላጆች ደግሞ በሚቀጥለው የወላጆች ቀን የልጃችሁ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ ሠራተኛዋስ ሥልጠና ወይም ጉባኤ ሄዳ ታውቅ እንደሆነ ጠይቁ። የእኔ ቤተ መጻሕፍት ግማሽ ቀን ሲዘጋ የጠየቀ ወላጅ አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።