እነሱ ዶላሩን፣ እናት ልጇን!

«ዲያስፖራ» የምትባለዋን ቃል ባለሥልጣኖቻችን የሚጠሯት ምራቃቸውን እየዋጡ ነው። በ2010 ዓ.ም. «በቀን አንድ ዶላር አዋጡ» ተባለ፤ ወንድም እህቶቻችን አዋጡ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «ለገና አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ አገር ቤት ግቡ» ተባለ፤ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቀር ተቀነሰላቸው። እሰየው! የወጣ ልጅ አገሩን ቢያይ ማን ይጠላል? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ዶላር የሚልከው ልጅ እኮ እናት አለችው! እሱ ሲመጣ እልል ከተባለለት፣ እናትየው እሱን ልታይ ስትነሣ ስለምን በየበሩ ትገፈፋለች?

ከራሳችን በር እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። በደርግ ዘመን «የመውጫ ቪዛ» የሚሉት ማነቆ ነበር። እሱ ቀረ፤ በቦታው ዋጋ ገባ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መደበኛው የፓስፖርት ክፍያ ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ዘለለ። «ቸኩያለሁ፣ በ2 ቀን ይድረስልኝ» ላለ ደግሞ 25,000 ብር! ጠበቃ የሚቆሙላቸው ሰዎች «ደብተሩ የሚታተመው በውጭ ምንዛሪ ነው» ይሉናል። ይሁንላቸው። ግን የ25 ሺሁም የ5 ሺሁም ወረቀቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ማተሚያው አንድ አይደለም እንዴ? ለከፈለ በ2 ቀን መድረስ ከቻለ፣ ለድሃዋ እናት የማይደርሰው በምን ምክንያት ነው? ጎበዝ፣ የተተመነው እኮ ጭንቀታችን ነው!

ቀጥሎ ቪዛው ይመጣል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከ160 ወደ 185 ዶላር ከፍ አለ፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በሕጋቸው አመልካች ተመልሶ እንደሚመጣ እስኪያስረዳ ድረስ «ሊቀር ነው የሚሄደው» ተብሎ ይቆጠራል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለእኛ የሚሰጡትን ቪዛ ለ3 ወር፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አደረጉት። በራቸው የራሳቸው ነው፤ እኛ አንከፍተውም። ብራችንን ግን ማን አወረደው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 185 ዶላር ማለት 10,500 ብር ገደማ ነው። ሳምንታት ሳይቆይ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ18,500 ብር በላይ ሆነ። ደሞዝና ጡረታስ አብሮ ዘለለ?

ይህን ሁሉ አልፎ የሚሳፈረውን ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ስሄድ ከጎኔ አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠው ነበር። መንገዱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ ሰውና ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ያህል በቀጥታ ይበራል። ነዳጅ ልንቀዳ ስናርፍ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ደረስን እንዴ ልጄ?»

«ገና ነው እማማ፤ ግማሹም አልሞላ።»

እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ ብሏቸዋል። ልጃቸውን ካዩ 11 ዓመት ሆኗቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው። ሻንጣቸውን የሞላው በርበሬና ሽሮ ነው። ፓስፖርቱንም፣ ቪዛውንም፣ ቲኬቱንም የከፈለው ማን ነው ብትሉ፣ ያው ልጁ! አንድ ጊዜ ለአገር አዋጣ ተባለ፣ ሁለተኛ እናቱን ለማየት ተቀጣ። አውሮፕላኑንስ የቦሌ ከፍታ ከብዶት ነው፤ እማማን ግን የከበዳቸው ገና ሳይሳፈሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የአንድ ፓስፖርት የሕትመት ወጪ ስንት እንደሆነ በይፋ ይነገረን። ሁለተኛ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ወላጅ ያንኑ ወጪ ብቻ ከፍሎ ይውሰድ። ሦስተኛ፣ ለሚገባው ልጅ የተገኘው የቲኬት ቅናሽ ልጇን ለምታይ እናትም ይገኝ። ይህ ውለታ አይደለም፤ ከሚላከው ዶላር ላይ ቢታሰብ ትርፍራፊ ነው።

ላም ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን እንደማታወርድ ማንም ገበሬ ያውቃል። እናንተስ ላምና ጥጃ ለያይታችሁ እስከ መቼ ልታልቡ ነው? ልቦና ይስጣችሁ!