ዱቄቱና እብጠቱ

ክዋሺዮርኮር ከሌላው ከባድ የምግብ እጥረት የሚለየው በእብጠቱ ነው። ማራስመስ የተባለው ሌላው ዓይነት የያዘው ሕፃን አጥንቱ እስኪቆጠር ይከሳል፤ ክዋሺዮርኮር የያዘው ግን እግሩና ፊቱ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ ምግብ ይጠላል። ላላወቀው ሰው እብጠቱ ውፍረት ይመስላል። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ስሙን ወደ ሕክምና መጽሔት ያስገቡት በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ያገለገሉት ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ ናቸው፤ ዘመኑ 1935 እ.ኤ.አ. ነበር። ቃሉ ከጋ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ታናሹ ሲወለድ ትልቁን የሚይዘውን በሽታ ያመለክታል። ይህም ትልቁ ከጡት የተነጠቀ፣ በበቆሎ ገንፎ ብቻ የቀረ ሕፃን ነው። የጋ እናቶች በአንድ ቃል የሕፃኑን ኑሮ ሁሉ ተናግረዋል። ሳይንሱ ግን ለረጅም ጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ሲፈልግ ኖረ። መጀመሪያ የተወነጀለው የፕሮቲን እጥረት ነበር፤ የሥነ ምግብ ተመራማሪው ዶናልድ ማክላረን በ1974 ያንን ዘመን ታላቅ ክሽፈት ብለው እስኪተቹት ድረስ።

በ1980ዎቹ ተራው የአንቲኦክሲዳንት እጥረት ሆነ። ተመራማሪው ማይክል ጎልደን ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው፦ ኢንፌክሽን የሚደጋገምበት ሕፃን ሰውነት ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሴል አጥቂዎች ይበዛሉ፤ መከላከያው አንቲኦክሲዳንት፣ በተለይ ግሉታታዮን፣ ይመናመናል፤ ሕፃኑም ያብጣል። በታመሙት ሕፃናት ደም ውስጥ ግሉታታዮን በእርግጥም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲያው የጎደለውን ቀድሞ መሙላት ነው፤ ሐሳቡ ያምራል።

ማላዊ ውስጥ ተፈተነ። በ2005 የታተመው ጥናት ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆናቸውን 2372 የገጠር ሕፃናት ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለ20 ሳምንታት በየቀኑ ራይቦፍላቪን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሊኒየምና ኤን-አሲታይልሲስቴን ያለበት የአንቲኦክሲዳንት ዱቄት ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ዱቄት። አንቲኦክሲዳንቱን ከወሰዱት 1184 ሕፃናት 39ኙ አበጡ፤ ካልወሰዱት 1188 ውስጥ 23ቱ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ዱቄቱ ጎዳ ማለት አይቻልም። እንደማይከላከል ግን በግልጽ ታየ። ትኩሳቱም፣ ሳሉም፣ ተቅማጡም አልቀነሰም፤ ክብደትና ቁመትም አልጨመረም።

በታመመ ሕፃን ደም ውስጥ አንድ ነገር ዝቅ ማለቱ የበሽታው መነሻ ነው ማለት አይደለም፤ በሽታው ራሱ አውርዶት ሊሆን ይችላል። በ2013 በዚያችው ማላዊ 317 መንታ ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አወሳሰበው። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፤ ሆኖም አንዱ መንታ ሲያብጥ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተመራማሪዎቹ በአንጀት የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንም ድርሻ እንዳላቸው አሳዩ። የክዋሺዮርኮር ሙሉ ምክንያት ዛሬም አልተቋጨም።

እስከዚያው የታመመን ሕፃን የሚያነሳው ምግብና ሕክምና ነው፤ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ከቫይታሚንና ከማዕድን ጋር ተዋህደው የሚሠራው ፕላምፒነት በኢትዮጵያ ጤና ኬላዎችም የታወቀ ነው። በእሱም ውስጥ ቫይታሚኑ ከምግብ ጋር ነው እንጂ በምግብ ፈንታ አይደለም። ክዋሺዮርኮርን ለመለየት ደግሞ አውራ ጣት ይበቃል፦ የሁለቱም እግር ጀርባ ለ3 ሰከንድ ይጫናል፤ ጣቱ ሲነሳ ጉድጓድ ከቀረ ሕፃኑ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።