ወጥ ቤት ያሉት አገልጋዮች

ከሁለት ወር በፊት ከአገር ቤት አገልጋይ መጥቶልን ነበር። «አገልጋይ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ውጭ አገር የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ፎቶው በፖስተር ወጥቶ በቴሌግራም የሚዞር፣ ከዓርብ እስከ እሁድ የሚሰብክ፣ ሲሄድ ፖስታ የሚሰጠው ሰው ማለቴ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ስብከቱም ደህና ነበር። እኔን የቆረቆረኝ የእሁዱ ምስጋና ነው። መድረክ መሪው «አገልጋዮቻችንን ሁሉ ጌታ ይባርክ» ብሎ ሰባኪውን፣ ዘማሪዎቹን፣ ኪቦርድ የሚጫወተውን፣ ድምፅ የሚቆጣጠረውን ልጅ ሳይቀር በስም እየጠራ አስጨበጨበላቸው። በዚያ ሰዓት ከመድረኩ በታች፣ በምድር ቤቱ ወጥ ቤት፣ አራት እህቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው የሁለት መቶ ሰው ድስት ይፈትጉ ነበር።

እዚያ መገኘቴን በጎነት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩልኝ። የወረድኩት ቡና ፍለጋ ነው።

አዳራሹ የእኛ አይደለም። ጠዋት ባለቤቶቹ አሜሪካውያን ያመልኩበታል፣ ከሰዓት በኋላ እኛ እንከራየዋለን፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቁልፍ መመለስ አለበት። ወጥ ቤቱ በር ላይ የትእዛዝ ወረቀት ተለጥፏል፦ ምድጃ አጥፉ፣ ቆሻሻ አውጡ፣ ወንበር ወደነበረበት መልሱ። ማሞቅ እንጂ ማብሰል አይፈቀድም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ከአንዷ ቤት ሽንኩርት ይከተፋል፣ ቅዳሜ ይቁላላል፣ እሁድ ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ቀበቶ ታስሮለት ይመጣል። ከአራቱ አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ በቀጥታ የመጣች ናት፤ የሥራ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። የያዘችው ድስት ሥሩ አሯል። በሽቦ ትፈትጋለች፣ ታለቀልቃለች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ እንደገና ትፈትጋለች። ከላይ ጭብጨባው ሲሰማ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «ጨረሱ መሰለኝ፤ ሳህን አውጡ» አለች።

ይህችን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በአሌክሳንድሪያም በፍራንክፈርትም በለንደንም አለች። አጠገቧ ደግሞ ከማንም ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚዘረጋ ሰው አለ። እኛ ጋ «ወንበሩን የሚያወጣው ልጅ» እንለዋለን፤ ልጅ የምንለው ሰው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳውን ያመጣው፣ ለአንዲት እናት ሆስፒታል ገብቶ ያስተረጎመው፣ የሜዲኬይድ ቅጽ የሞላላቸው እሱ ነው። ይህ ሰው ራሱን «አገልጋይ ነኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቢልም የምንስቅበት ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ከእኛ አልተጀመረም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚከፈተው በማዕድ ቅሬታ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ በየቀኑ ለመበለቶች ምግብ ይታደል ነበር፤ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው አንጎራጎሩ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ቢባል፣ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው በሰው አገር ኖረው የሰው አገር ቋንቋ የለመዱ አይሁድ ናቸው። ዲያስፖራ ማለት እነሱ ናቸው፤ ቃሉንም የወረስነው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ገና በማለዳዋ የተፈተነችበት አንዱ ጠብ በቋንቋና በእንጀራ የተነሣ ነበር። እንዲህ ያለ ጠብ የማያውቅ የውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን ካለ አድራሻውን ላኩልኝና አባል ልሁን።

የሐዋርያትን መልስ ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው የምንሰብከው። ቃሉን ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው መናገራቸውን እንይዝና፣ መድረኩ ከፍ ያለ፣ ወጥ ቤቱ ዝቅ ያለ ሥራ ነው ብለን እናርፋለን። ግሪክኛው ይህን አይደግፍም። የዕለቱን ምግብ እደላ «ዲያቆንያ» ይለዋል፤ ሐዋርያት የተጉበትን የቃሉን ሥራም «ዲያቆንያ» ይለዋል። «ዲያቆን» የምንለው ስምም ከዚያው ግንድ ነው። ለማዕዱ የተጠየቀውን መስፈርት ደግሞ ልብ በሉ፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ወንዶች ነው የተባለው። አዎ፣ ወንዶች፤ ምግብ ለማደል! ተመረጡ፣ ተጸለየላቸው፣ እጅ ተጫነባቸው። እኛ ለሽማግሌዎች ምርጫ ስድስት ወር እንጨቃጨቃለን። ለወጥ ቤቱ ግን በማስታወቂያ ሰዓት «ፈቃደኛ ካለ» እንላለን፤ የሚወጣውም እጅ ያው የአምናው እጅ ነው።

ሌላም አለ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። አንደኛው፣ ኒቆላዎስ፣ እንዲያውም የአንጾኪያ ሰው ሆኖ ወደ ይሁዲነት የገባ ነበር። እንደሚመስለኝ ሐዋርያት ቅሬታ አቅራቢውን ወገን «ታገሡ» ብለው አላሰናበቱትም፤ የጓዳውን ቁልፍ ሰጡት። ይህን ይዛችሁ ወደየጉባኤያችሁ ብትመለከቱ፣ የተዘነጋው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ አትሄዱም። ካቻምና ጥገኝነት ጠይቆ የመጣው ወጣት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ማንም ሳያናግረው ይወጣል። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ የሚያልሙ ሆነው ሳለ የሚሰበክላቸው በማይከተሉት አማርኛ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙዎቹ ጉባኤዎች ዓርብ ይሰበሰባሉ፤ በከፋላ፣ ማለትም አሠሪዋ ዋስ ሆኖ በሚይዛት አሠራር፣ የምትሠራው እህት ግን ዓርብም ከቤት አትወጣም፤ ልብስ እየተኮሰች በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። ለእሷ አገልጋይዋ በስልክ የሚሰብክላት ብቻ አይደለም፤ ደውላ «ደመወዝሽን ሰጡሽ ወይ? ፓስፖርትሽ ማን እጅ ነው?» የምትላት ጓደኛዋም ናት።

«እሷ እኮ ጸጋው አላት!» ስንል ትንሽ ልንጠነቀቅ ይገባል። እንዲህ የምንላት ዘወትር ዕቃ የምታጥበውን እህት ነው። ምስጋና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የማምለጫ በር ነው። ጸጋው እሷ ዘንድ ከሆነ እኛ ነጻ ነን፤ ቡናችንን ይዘን ፎቅ እንወጣለን። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጸጋዎችን ሲዘረዝር አገልግሎትን ከትንቢት ቀጥሎ፣ ከማስተማር አስቀድሞ ጠርቶታል፤ በእርግጥም አንዳንድ ሰው ለዚህ የተሰጠው ልዩ ዐይን አለው። ሌላው ሳያይ የጎደለውን ያያል፤ ማን ሳይበላ እንደቀረ፣ ማን ዛሬ ፊቱ እንደጠቆረ ያውቃል። ይህን እኔ አልታደልኩም። ድስት ለማጠብ ግን ራእይ አያስፈልግም፤ እጅና ሳሙና ይበቃል። ጴጥሮስም የሚያገለግል ሰው እግዚአብሔር በሚሰጠው ኃይል ያገልግል አለ እንጂ እስኪወድቅ ያገልግል አላለም። በየከተማው ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ተተኪ ወጥ ቤት ቆመው አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰሙ የቀሩ እህቶች አሉ። «ቀዘቀዘች» ብለን እንጸልይላቸዋለን።

ማዕዱን ከቃሉ ስለ መለየት የራሳችን አባቶችም ጽፈው ነበር። በ1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ዝነኛ ደብዳቤ አለ። ቅሬታው የምዕራብ ረጂዎች ገንዘቡን ለሁለት ከፍለው ለልማት እጃቸውን ሲዘረጉ ለስብከተ ወንጌል መቆጠባቸው ነበር። ሰው አንድ ነው፣ ነፍሱን ከሆዱ ለይታችሁ አትርዱ ነው የደብዳቤው መንፈስ። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚለው ትምህርት ግን በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቀረ። የእነሱን ልጆች እኛን እዩን እንግዲህ። ያንኑ አንድ ሰው መልሰን ከፈልነው፤ ብቻ እኛ የከፈልነው በተገላቢጦሽ ነው። የበጀት ወረቀታችንን ብታዩ ለእንግዳ ሰባኪ ትኬትና ሆቴል አለ፤ ለወጥ ቤት የተጻፈ መስመር የለም። ዘይቱንና ሽንኩርቱን እህቶች ከኪሳቸው ይገዛሉ።

እኔ አሁን ያለሁት ከወንጌላውያን ዘንድ ነው፤ እናቴ ግን የሰንበቴ ሰው ነበረች፤ ይህን ነገር በተመለከተ ከመድረክ ከሰማሁት ይልቅ ከሰንበቴው ቤት ያየሁት ይበልጥብኛል። እዚያ ነገሩ የሚሄደው በተራ ነው። የማኅበሩ አስተባባሪ፣ ሙሴው፣ ተራውን ያስታውሳል፤ ተራው የደረሰው ዳቦውን ደፍቶ፣ ጠላውን ጠምቆ ይመጣል፤ ሀብታሙም ደሃውም፣ ባለ ሙያዋም ሙያ የሌላትም። የእናቴ ዳቦ አንዳንዴ ያር ነበር፤ ይበላል። የአጥር ሥር ለማኝም ከዚያው ይቆረስለታል። «ጸጋው የእከሌ ነው» ብሎ ተራውን የዘለለ አላየሁም። ደግሞም ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቼ እንደሚያውቁት፣ ጥቅምት 17 የሚከበረው ከሰባቱ የመጀመሪያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ዲያቆን ሆኖ የተሾመበት ቀን ነው። ለማዕድ የተሾመ ሰው ሹመቱ በየዓመቱ ይከበርለታል ማለት ነው። እኛ ወንበር ለሚያወጣው ሰው የልደት ካርድ እንኳ ልከን አናውቅም።

ከሰባቱ ሁለተኛው ፊልጶስ ነው። ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ሠረገላ ያሳደደው፣ ኢሳይያስን የሚያነበውን የህንደኬ ጃንደረባ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ የጠየቀው፣ ያጠመቀውም እሱ ነው። የታሪክ ሊቃውንት በዚያ ቦታ ኢትዮጵያ የተባለው የመሮዌ መንግሥት ነው ይላሉ፤ ይሁንና እኛ በዚያ ሠረገላ ተቀምጠን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ለጃንደረባውም ባኮስ ብለን ስም አውጥተንለታል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ኩራታችን ውስጥ የምንዘነጋው፣ ወደ ሠረገላችን የወጣው ሰው የተሾመው እንጀራ ለማደል እንደነበረ ነው። ምናልባት ከባዕድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅን የተማረው እዚያው፣ ከመበለቶቹ ጋር ይሆናል። ዓመታት አልፈው ጳውሎስና ጓደኞቹ ቂሣርያ ሲደርሱ ያረፉት ከዚሁ ፊልጶስ ቤት ነው፤ ብዙ ቀንም ተቀመጡ። ያን ጊዜ መጠሪያው «ወንጌላዊው» ሆኗል፤ ሉቃስ ግን ከሰባቱ አንዱ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም።

እኛ ጋም ከዚያ እሁድ በኋላ ብዙ ከተነጋገርን ወዲያ የተራ ዝርዝር ወጣ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ከአሜሪካኖቹ ወረቀት አጠገብ ተለጥፏል፤ ሽማግሌዎችም አሉበት፣ የመዘምራን መሪውም አለበት። ለሽንኩርትና ለዘይት የሚሆን ገንዘብም ተመደበ፤ ያለ ጭቅጭቅ አልነበረም። የእኔ ተራ ሦስተኛው እሁድ ላይ ነበር። ሸሚዜን ሰብስቤ፣ ሥሩ ያረረ አንድ ትልቅ ድስት ደርሶኝ ሩብ ሰዓት ያህል ፈተግኩ። ያቺ የሥራ ጫማዋን ያልቀየረችው እህት አጠገቤ ትጠርግ ነበር። ጨርሻለሁ ብዬ ሳስረክባት ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ሽቦውን አነሣች።