እሳት አደጋ ጣቢያውን እሳት ሲበላው

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 ለንደን ውስጥ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ በእሳት ተያያዘ፡፡ ይቅርታ፣ «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት፡፡ የዛሬው ወጋችንም ስለዚህች ቃል ነው፡፡

በቺልተርን ጎዳና የሚገኘው ይህ ቀይ የጡብ ሕንፃ በ1889፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ የእሳት ማጥፊያ ጋሪ በፈረስ በሚጎተትበት ጊዜ ተሠራ፡፡ ጣቢያው በ2005 ተዘጋ፤ በ2014 ደግሞ ዝነኞች የሚርመሰመሱበት ውድ ሆቴል ሆነ፡፡

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ከሚፈርስ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም፡፡ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም፡፡ ግን ሕንፃው ለምን እንደተሠራ እናስታውስ፡፡ ቀድሞ በለንደን እሳት የሚያጠፉት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነበሩ፡፡ በ1861 በቱሊ ጎዳና የተነሳው ታላቅ ቃጠሎ የእሳት አደጋ አለቃውን ጄምስ ብሬድውድን ጭምር ገደለ፡፡ ኩባንያዎቹም ወጪውን አንችልም አሉ፡፡ በ1865 ሕግ ወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ሥራው የሕዝብ ሆነ፡፡ እነዚያ ያማሩ ጣቢያዎች ታዲያ የጌጥ ሕንፃዎች ብቻ አይደሉም፤ «የድሃውም ቤት ሲቃጠል እንመጣለን» የሚል ቃል ኪዳን ናቸው፡፡

«አሮጌ ጣቢያ ለዘመኑ ሥራ አይሆንም» የሚሉም አሉ፡፡ ለአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ በ1872 ሥራ የጀመረው የክለርከንዌል ጣቢያ እስከ 2014 ድረስ እሳት ሲያጠፋ ኖሯል! የተዘጋውም በበጀት ቅነሳ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን፣ ከሌሎች ዘጠኝ ጣቢያዎች ጋር ነው፡፡ ልብ በሉ፤ ያኛው ሆቴል የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው፡፡

ወደ ቃጠሎው ስንመለስ፣ እሳቱን ለማጥፋት 20 መኪናና ወደ 125 የሚጠጉ ሠራተኞች ደረሱ፡፡ ከየት? ገና ካልተሸጡት ጣቢያዎች ነዋ!

እኔ የምለው ይኼ ነው፤ ቅርስ መጠበቅ ማለት ግድግዳ መጠበቅ ብቻ አይደለም፡፡ ጣቢያው ለሥራው ካልሆነ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣቶች ማዕከል ይሁን፤ ብቻ የሰፈሩ ሰው በሩን ገፍቶ የሚገባበት ይሁን፡፡ አሮጌ ሕንፃ «ሊታደስ ነው» ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፡፡ ከታደሰ በኋላ ማን ይገባበታል?